ጳጉሜን የማያውቀው ማጣሪያ

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሁለት ካርድ ከእጄ ወደቀ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ቁጥር አሳስቼ ሰው እንዳልገድል ፈርቼ ነበር። የክፍሉ አዛውንት ጋሽ ውበቱ አይተው ሳቁ። «ፍሪ! የማይፈራ ሰው የእማሆይን ካርድ ለሚሊሻ ይሰጣል» አሉኝ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ኮምፒውተር መጣ። የእኔ ድርሻ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎች ቀጠሮ ሆነ። ሰኞ ሰኞ ማጣሪያውን እከፍታለሁ፤ «ቀጠሮው ያለፈ፣ መድኃኒት ያልወሰደ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ስም ይወጣል፤ እደውላለሁ። ስልኩ እንቢ ካለ በሚኒባስ ረዳት መልእክት እልካለሁ። መድኃኒቱ መሃል ላይ ከተቋረጠ በሽታው ይለምደዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልገው ሌላ፣ ከባድ መድኃኒት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚወጣው የጥሩወርቅ ስም ነበር። በጣራ ገዳም በኩል የምትኖር፣ ሕፃን የምታጠባ ገበሬ ናት። ስደውልላት «እታለም፣ ደግሞ መጣሽብኝ! ባሌ እንኳ እንዳንቺ አይከታተለኝም» ትልና በማግሥቱ ትመጣለች።

አንድ መስከረም የመረጃ ቋቱን «ሞተር»፣ ማለትም ስሞቹን ከኮምፒውተሩ ፈልጎ የሚያወጣውን ፕሮግራም፣ በአዲስ ቀየሩት። ሰኞ ማጣሪያውን ስከፍት በስም ፈንታ ቀይ ጽሑፍ ወጣ። እንግሊዝኛ ስለሆነ አልገባኝም። ከባሕር ዳር የተላከውን ባለሙያ ጌትነትን ጠራሁት።

«የማጣሪያው አጻጻፍ ነው፣ እትዬ ዝናሽ። አሮጌው ሞተር ግድ አልነበረውም፤ አዲሱ ግን ቀን ያልመሰለውን ሁሉ ይተፋል» አለኝ። አንድ መስመር ጨመረ። ቀዩ ጠፋ፤ ስሞች ወጡ።

«አነሱብኝ» አልኩት።

«ሰው ቀጠሮ ማክበር ጀምሮ ይሆናላ!» ብሎ ሳቀ። ኃላፊያችን ሲስተር የሺም «አንቺ ደግሞ ሰው ሲድንም ትጨነቂያለሽ» አለችኝ። ሁልጊዜ ስለምጨነቅ፣ እኔም ጭንቀቴን አላመንኩትም።

ጥቅምት ሲያልቅ የጥሩወርቅ ባል አያ ጥላዬ ልጁን ታቅፎ መጣ። «ደም እየተፋች ነው። እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ አመጣናት፤ በር ላይ መኪናው ውስጥ ናት» አለ።

«እስካሁን ምን ትሠሩ ነበር?» አለችው ሲስተር የሺ።

«ጳጉሜ ላይ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወርደን ቀጠሮው አለፈ። ሲያልፍ ትደውሉ ነበር። ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ ዝም አላችሁ። ካልጠሩንማ ድናለች ማለት ነው ብለን ተውነው።»

ጌትነት በዚያው ቀን ማጣሪያውን መስመር በመስመር አነበበው። ቀጠሮ የምንጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ አዲሱ ሞተር የሚያውቀው ደግሞ አሥራ ሁለት ወር ብቻ። ያኔ በቀይ የጮኸው አሥራ ሦስተኛ ወር ቢያጋጥመው ነው። ጌትነት የጨመረው መስመር «ቀን ያልመሰለህን እለፈው» የሚል ነበር። ጳጉሜ ላይ የተቀጠረ ሁሉ ታለፈ። ጌትነት ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ቆየ።

አስተካክሎ ሲከፍተው የቀሩት ስሞች ወጡ። የመጀመሪያው የጥሩወርቅ ነው። ሌሎቹ ጋ ደወልኩ። አንዳንዱ መጣ፤ የአንዳንዱ ስልክ እስከ ዛሬ ዝግ ነው።

ጥሩወርቅ ሌላ ሆስፒታል ተኝታ ከባዱን መድኃኒት ትወስዳለች። መድኃኒቱ ጆሮዋን እያደከመው ነው። በሽታው እንዳይጋባበት ልጇን በመስኮት ያሳዩዋታል፤ ጡቷን ረስቷል። በቀደም ስደውልላት አልቀለደችም። «ምነው ያኔ በደወልሽ» አለችኝ።

ካርድ ክፍል ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ሞተር ከመቀየሩ በፊት ስንት ስም ይወጣ እንደነበር ያዙ። ቀዩ ጽሑፍ ከጠፋ በኋላ እንደገና ቁጠሩ። ካነሰ፣ የጎደለው ሰው የት እንዳለ ሳታውቁ ጥገናውን አትቀበሉ።