ልብ ሰባት

ታናሽ ወንድሜ ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ባለው ክፍል ታስሮ ሳለ፣ እኔ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ለካርታ ውድድር ፍጻሜ ደረስኩ። ተጋጣሚዬ ወንድሜን ያሳሰረው ሰው ነበር፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር።

ጊዜው ደርግ ሥልጣን ከያዘ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አምቦ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። ለበዓል በመሥሪያ ቤቶች መካከል ውድድር ሲዘጋጅ ኳሱንና ገመድ ጉተታውን ወንዶቹ ተከፋፈሉት። ራሚ በሚባለው የካርታ ጨዋታ ግን የሚደፍረኝ ስላልነበረ የእኔን ስም ሰጡ። ወንድሜ ያኔ ገና አልተያዘም። ከክፍል ጓደኞቹ ጋር አንድ ቤት ሲያጠኑ ተገኝተው የተወሰዱት ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ነው። ልተወው ብዬ ኃላፊያችንን ሳማክረው፣ "አሁን ብትወጪ አኩርፋ ነው ይሉሻል። ዝም ብለሽ ተጫወቺ" አለኝ።

ካርታ የተማርኩት መጀመሪያ በተመደብኩበት ባኮ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታና የወባ በሽተኛው ሰልፍ ሲቀንስ፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ማንጎው ጥላ ሥር እንጫወት ነበር። ቤታችን ውስጥ ግን ካርታ ነውር ነው። ከጸሎት ቤት የማትቀረው እናቴ አንድ ጊዜ ሻንጣዬ ውስጥ አግኝታ እሳት ውስጥ ጨምራዋለች። "እንዲህ ያለ የሰይጣን ወረቀት እኔ ቤት አያድርም" ነበር ያለችው።

የፍጻሜው ዕለት፣ እሑድ፣ ለወንድሜ ቁርስ አድርሳ ስትመለስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ኢንተላ ኮ" አለችኝ። ልጄ ስትል እንዲህ ብላ ነው የምትጠራኝ። "ዛሬ ከሰውዬው ጋር ነው የምትጫወቺው?"

"አዎ እማዬ።"

"ተሸነፊለት።"

ቀና ብዬ አየኋት።

"እንዳያውቅብሽ አድርገሽ ተሸነፊለት። ሰው ፊት ካዋረድሽው የሚከፍለው ወንድምሽ ነው።"

እሺ አልኳት። ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። ሊቀመንበሩ ጥሩ ተጫዋች ነው፤ የተጣለችውን ካርታ ሁሉ ያስታውሳል፣ ተጋጣሚው ምን እንደያዘ ያሰላል። እንዲህ ያለውን ሰው ከማሸነፍ ይልቅ ሳያውቅ መሸነፍ ይከብዳል።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች ቆመዋል። ከወዲያኛው ግድግዳ ሳል ይሰማል፤ የወንድሜ ይሁን የሌላ መለየት አልቻልኩም። ዳኛው ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም በአክብሮት ኦቦ እንላቸዋለን። ከመጀመራችን በፊት የሚያከራክረውን ደንብ ለሁለታችንም ደግመው አስረዱን።

በራሚ በየተራው አንድ ካርታ ተስቦ አንድ ይጣላል፤ ተከታታይ ካርታዎችን ወይም አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸውን ሦስት ሦስት አድርጎ ጠረጴዛ ላይ እየዘረጋ፣ እጁ ላይ ያለውን ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። ጆከር የጎደለችውን ካርታ ይተካል። ክርክሩ ጠረጴዛ ላይ ስለወጣ ጆከር ነው። አምቦዎች አንዴ ከወጣ አይነካም ይላሉ፤ እኛ ባኮ ግን የተተካችውን ካርታ የያዘ ሰው እሷን አስቀምጦ ጆከሩን ያነሣል።

"ማንሣት ይቻላል" አሉ ኦቦ። "ነገር ግን ያነሣ ሰው እዚያው በተራው ይዘረጋዋል እንጂ እጁ ውስጥ አያስቀረውም። ተስማማን?"

ሁለታችንም ተስማማን።

አንዳንድ ዙር ተሸናነፍን። በወሳኙ ሦስተኛ ዙር ሊቀመንበሩ ልብ ስድስትና ልብ ስምንት ዘርግቶ መካከላቸው ጆከር አስገባ። እኔ የቀሩኝ ሁለት ንጉሦችና አንዲት ዘጠኝ ነበሩ። ተራዬ ደርሶ ስስብ ልብ ሰባት መጣች። ሰባቷን አስቀምጬ ጆከሩን ባነሣ፣ ከሁለቱ ንጉሦች ጋር ዘርግቼ ዘጠኟን ብጥል ጨዋታው አለቀ። ፊቴን ሳልቀይር ሰባቷን ከንጉሦቹ ኋላ ደበቅኋትና ዘጠኟን ጣልኩ።

ሊቀመንበሩ ሳበ፣ የያዘውን ዘረጋ፣ ጨረሰ። ተጨበጨበ።

የዘነጋሁት ነገር ያኔ ትዝ አለኝ። የተሸነፈ ሰው ነጥቡ እንዲቆጠር እጁ ላይ የቀረውን ማሳየት አለበት። ኦቦ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ካርታዎቹን ገልጬ አስቀመጥኩ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ሊቀመንበሩ ልብ ሰባትን በጣቱ ገፋ አደረጋት።

"ይቺን መቼ ሳብሻት?"

"አሁን።"

"ጆከሩን ለምን አላነሣሽም?"

"አላየሁም።"

"ያላየ ተጫዋች ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ዙሩ አልቋል" አሉ ኦቦ ቶሎ ብለው። ሊያድኑኝ ነበር።

ሊቀመንበሩ ዓይኑን ከእኔ አላነሣም። "አይታለች" አለ። "በወንድምሽ ምክንያት ነው?"

አይደለም ብል ውሸቴን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። "አዎ" አልኩ።

ሊቀመንበሩ ወደ ኋላ ተደገፈ። ጆሮው ቀልቷል። ከዚያ ካርታውን ሰብስቦ ወደ ኦቦ ገፋው። "ይደገም። እኔን ሕፃን አድርጎ የሚያጫውተኝ ሰው የለም።"

ኦቦ በወዙና አደሉ። አሁን ብሸነፍም አውቃ ነው ሊለኝ ነው፤ ባሸንፍም አዋረደችኝ ሊል ነው። ማምለጫ እንደሌለኝ ሳውቅ ጨዋታዬን መጫወት ጀመርኩ። ጆከር በመጀመሪያው እደላ ደረሰኝ። አልዘረጋሁትም፤ ብዘረጋው ሊያነሣብኝ ይችላል። ሌላውን ሁሉ እየዘረጋሁ እሱን እስከ መጨረሻው እጄ ላይ አቆየሁትና በአንድ ጊዜ ጨረስኩ።

መጀመሪያ ማንም አላጨበጨበም። ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ለሽልማት የተዘጋጀውን ቴርሞስ ሰጠኝና ከጠባቂዎቹ ጋር ወጣ። እሱ ከወጣ በኋላ ነው ሰው ያጨበጨበው።

ቤት ስደርስ እናቴ ሁሉንም ሰምታ ነበር። አልተቆጣችኝም፤ አላናገረችኝምም።

በማግሥቱ ጠዋት ቁስል እያጠብኩ ሳለ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ አየኋት። የወንድሜ ምግብ እንደታሰረ እጇ ላይ ነው።

"የለም አሉኝ" አለች።

ጋዋኔን ሳላወልቅ ቀበሌው ድረስ ሮጥኩ። ሊቀመንበሩን ደጃፉ ላይ አገኘሁት።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ወንድሜ የት ነው?"

"ጉደር ወስደዋቸዋል።"

"በሕይወት አለ?"

"በእግሩ ሄዶ ነው መኪና ላይ የወጣው።" ፊቴን አየና፣ "በካርታው የተነሣ መስሎሻል?" አለኝ። "ምግቡን እዚያ አድርሱለት" ብሎ ገባ።

እናቴና እኔ በጭነት መኪና ጉደር ሄድን። የእስር ቤቱ ዘበኛ ምግቡን ተቀብሎ ገባ። ፀሐይ ላይ ቆመን ጠበቅን። ዘበኛው ተመልሶ ወጣና ሳህኑን ለእናቴ ሰጣት። ወንድሜ እንጀራውን ሲጨርስ ጫፏን ብቻ የማስቀረት ልማድ ነበረው፤ ሳህኑ ላይ ያቺ ጫፍ አለች። እናቴ መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ወንድሜ የተፈታው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከስቶ፣ ፀጉሩ ተላጭቶ መጣ። ወደ ጉደር እንደሚዛወሩ የተነገራቸው ከጨዋታው አስቀድሞ፣ ቅዳሜ እንደነበረ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እነዚያን ወራት በሙሉ እኔ ነኝ ያስወሰድኩት እያልኩ ነበር፤ እናቴም በልቧ እንደዚያው ሳትል አልቀረችም።

"እሑድ ጭብጨባ ሰማን" አለ እየበላ። "ማን አሸነፈ ብለን ጠባቂውን ጠየቅነው። የጤና ጣቢያዋ ሴትዮ አለን። እኅቴ ናት ስላቸው ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ከታሰርን በኋላ የሳቅነው ያን ቀን ብቻ ነው።"

እናቴ ሁለታችንንም አየችን። ተነሥታ ወጥ ጨመረችለት።