ሰባ ስምንት ዙር

የልጄ ባል አስተማሪ ነው። ባለፈው እሁድ ከአዲስ አበባ አንድ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ ገዝቶ መጣና ሳሎኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ነጥብ የታተመበት ክብ ወረቀት ከላዩ አድርጎ መብራት አበራበት። «አባባ፣ ነጥቦቹ የቆሙ ከመሰለዎት ፍጥነቱ ልክ ነው ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ ግማሽ ቀን አጎንብሶ ነጥብ ሲያይ ዋለ። አንድ ዘፈን እንኳ አላሰማንም። የተማረ ሰው ጊዜውን እንዲህ ሲያባክን ማየት ያናድደኛል።

እኔ ያለ ነጥብም ያለ መብራትም አንድ ማጫወቻ ልክ አድርጌ አውቃለሁ። የሃያ ዓመት ወጣት ነበርኩ፤ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ነበር። አባቴ ይጁቤ ገበያ ዳር ክርና አቡጀዲ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው፤ እኔ ደግሞ እዚያው የልብስ ስፌት መኪናና ሰዓት እጠግን ነበር።

ዝናቡ አቁሞ ኑጉ ያበበበት ሰሞን ነው። መንገዱ ገና ጭቃ ነበር፤ የጣሊያን ካሚዮን እየተንደፋደፈ ገበያው መሃል ደረሰና አንድ ቱርጁማን ወረደ። ጣሊያኖቹ የሚሉትን ወደ አማርኛ የሚመልስ፣ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ጫማው ጭቃ በነካ ቁጥር የሚሳደብ ሰው ነው። በራሱ ቋንቋ ሲናገር እንኳ ጣሊያን የሚያዳምጠው ይመስል አፉን ያጣምም ነበር። ሳጥን ላይ ማጫወቻ አስቀምጦ ሸክላውን አዞረው።

«እኔ ግራዝማች አንዳርጌ ነኝ» አለ ሸክላው። «በሕይወት አለሁ። ጫካ ያላችሁ ግቡ፤ ጠመንጃችሁን አስረክቡ።»

ገበያው በሳቅ አለቀ። ግራዝማች አንዳርጌ የአገራችን ትልቅ ሰው ነበሩ። ዘምተው ተማረኩ፤ ቀጥሎ ተረሸኑ የሚል ወሬ መጣ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጠጂቱ ጸጉራቸውን ተላጭተው አለቀሱ፤ ተዝካሩንም አወጡ። እኛን እስላሞቹን እንኳ አልረሱንም፤ በእኛው ሰው የታረደ ፍየል ለብቻ አቅርበውልን በልተናል። የግራዝማች ድምፅ ወፍራም ነበር። ከሸክላው የወጣው ግን የሕፃን ጩኸት ነው። «ጣሊያን ወንድ አጥቶ ሴት ቀጠረ!» አለች አንዲት ጌሾ ሻጭ።

ቱርጁማኑ ፊቱ ቀልቶ ማጫወቻውን ሱቃችን ድረስ አሸክሞ መጣ።

«ሰዓት ትሠራለህ አሉኝ። ይሄ ነገር ይሮጣል። ለፊታችን ቅዳሜ ልክ ካላደረግኸው ጀርባህን ትገረፋለህ። ለእናንተ ለእስላሞቹ መንግሥት ያደረገላችሁን አትርሳ» አለኝ።

«በደቂቃ ስንት ጊዜ መዞር አለበት፣ ጌታው?»

«ሰባ ስምንት። እዚህ ተጽፏል፤ ማንበብ አትችልም?»

ሸክላው ጠርዝ ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፍኩና የአባቴን የኪስ ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። መቶ ሃያ አንድ ዙር። ሆዱን ስፈታው ምክንያቱ ታየ፤ ፍጥነቱን የሚይዘው ቁራጭ ቆዳ ተበልቶ አልቋል። ከለፋ የበግ ቆዳ ቆርጬ ተካሁት፤ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግሁበት፤ ብሎኑን በጥቂት በጥቂቱ አጠበቅሁ። መቶ። ሰማንያ አራት። ሰማንያ። ሰባ ስምንት። አንዴ ቆጥሮ ማመን ግን ሞኝነት ነው፤ ሞላው ሙሉ ሲጠመዘዝም፣ ሲጋመስም፣ ሊላላ ሲልም ቆጠርኩ። ሦስቱም ጊዜ ሰባ ስምንት ሆነ። በሥራዬ ኮራሁ። ከዚያ መርፌውን አሳረፍኩ።

ከሸክላው ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ተናገረ። ያ የሳቅንበት የሕፃን ጩኸት ራሳቸው ግራዝማች ነበሩ።

አሁን ምን ይደረግ? ልክ አድርጌ ብሰጥ ሰዉ ድምፃቸውን ያውቃል፤ አምኖም ጠመንጃውን ያስረክባል። ባበላሸው እገረፋለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ጅራፉን ፈራሁ። ሌላ ዘዴ ሲጠፋኝ ወይዘሮ ጠጂቱን ክር ግዙ በሚል ሰበብ አስጠራኋቸው። የሱቁን በር ዘግቼ አሰማኋቸው።

የግራዝማች ስም እስኪጠራ አልጠበቁም። ጉሮሮው ሲጠረግ ብቻ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜም አስደገሙኝ። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ቀና አሉ።

«ጠግቧል» አሉ። «ስማው ሰይድ፤ ይሄ የጠገበ ሰው ድምፅ ነው። እኔ እዚህ ጸጉሬን ተላጭቼ፣ እሱ እዚያ ወዝቶ።»

«እሜቴ፣ ላበላሸው?»

«እንዳትነካው! ልክ እንደሆነ ይሰማ። አንዲት ዙር እንዳትጎድልበት።»

ቅዳሜ ገበያው ጢም ብሎ ነበር። ቱርጁማኑ እየተንጎራደደ ሸክላውን አዞረ። ጉሮሮው ሲጠረግ ለሳቅ የተዘጋጀው ሰው ሁሉ ወደ ሳጥኑ ተጠጋ። ጌሾ ሻጭዋ አፏን ከፍታ ቀረች። አንድ ሽማግሌ «ራሱ ነው፤ የግራዝማች ድምፅ ነው» አሉ። ቀጥለውም «እንግዲህ እሱ ግቡ ካለ...» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ነኝ ይህን ያመጣሁት።

ወይዘሮ ጠጂቱ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ወደ ሳጥኑ ወጡ። በጥቁር ልብሳቸው ነበሩ።

«የባሌን ተዝካር የበላችሁ አላችሁ?» አሉ።

«አለን» አለ ሰዉ።

«እንግዲያው ባሌ ሞቷል። ይሄ የሚለፈልፈው የጣሊያን ቀለብተኛ ነው። ስሙን ብቻ ነው የወሰደው።»

ከዚያ ሸክላው ላይ ተፉበት።

ቱርጁማኑ ጮኸ፤ ወታደሮቹ ክንዳቸውን ያዟቸው። ሰዉ ግን አልሮጠም። ሽማግሌው መጀመሪያ ጀርባቸውን አዞሩ፤ ሌላውም ኑጉንና በርበሬውን ሰብስቦ ተከተለ። ሸክላው ለባዶ ሜዳ «አስረክቡ» እያለ ቀረ። ከይጁቤ አንድ ጠመንጃ አልገባም። እኔን ቱርጁማኑ በጥፊ መታኝ፤ ሰዓቱን አውጥቶ ዙሩን ቢቆጥር ግን ሰባ ስምንት ነውና የሚከሰኝበት አጣ። ወይዘሮ ጠጂቱ ደብረ ማርቆስ ታስረው እስከሚቀጥለው ክረምት ቆዩ። ሲመለሱ ከስተው ነበር፤ አንገታቸውን ግን አልደፉም።

ጠላት ሲወጣ ግራዝማች መጡ፤ ወፍረው፣ በበቅሎ ሆነው። ወይዘሮ ጠጂቱ በራቸውን አልከፈቱም፤ «የቤቱ ጌታ ሞተዋል በሉት» ብለው በአሽከር ላኩባቸው። ግራዝማችም ሱቄ ድረስ መጥተው «ያዋረድከኝ አንተ ነህ» አሉኝ።

«እኔ ፍጥነቱን ነው ያስተካከልኩት» አልኳቸው። «የተናገሩት እርስዎ ነዎት።»

ይህን ሳወራ የልጄ ባል «ተገደው ቢሆንስ? ሽጉጥ ተደቅኖባቸው ቢሆንስ?» ይለኛል። ያን ጊዜ ያልነበረ ሰው ቸር መሆን ይቀለዋል። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ምን እንደምል አላውቅም፤ በአንዲት ጅራፍ ፍርሃት ማሽኑን ያስተካከልኩ ሰው ነኝ። ስሸመግል ንቀቴ ይለዝባል ብዬ ነበር፤ አልለዘበም። የፈራ ሰው ድምፅ ቢሆን ኖሮ እምር ነበር። ሸክላውን ግን ደጋግሜ፣ በትክክለኛው ፍጥነት ሰምቼዋለሁ። ድምፃቸው አንድም ቦታ አልተንቀጠቀጠም።