የቀኙ ፓራፋንጎ

ሌላንድ ሁክስትራ የወረዳችንን የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ብሎን ከወደቀበት ሳያገኝ ቤቱ አይገባም ይባልለት ነበር። እውነት ነው፤ አንድ ዓርብ ሁሉም ሰው ከሄደ በኋላ እኔው ራሴ አብሬው ተንበርክኬ ፈልጌያለሁ።

አባቱ ጌሪት ሲሞት እርሻውን እህቱ ወረሰች። ሌላንድ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በጎተራው ጥግ፣ ከድርቆሹ ኋላ፣ በሸራ ተሸፍና የኖረችውን አረንጓዴ ሜርኩሪ መኪና። መኪናዋ እዚያ የገባችው እሱ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። አባቱ “ሞተሯ ነክሷል፣ አይዞርም፣ አትንኳት” ብሎ ሸፈናት፤ የነካትም አልነበረም። ሌላንድ ቤቱ ወስዶ ስድስት ዓመት ሠራት። ሚስቱ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ትቀና ነበር እያልን እናሾፍበት ነበር።

የከተማችን የድሮ መኪና ትርዒት ነሐሴ አጋማሽ ላይ በእርሻ ባዛሩ ሜዳ ይደረጋል። በዚያ ዓመት ሰማንያ ያህል መኪና መጣ። ኮፈኑ ሁሉ ተከፍቶ፣ ድምፅ ማጉያው የወጣትነታችንን ዘፈን እያንቋረረ፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ከየመኪናችን ኋላ ታጣፊ ወንበር ዘርግተን የተጠበሰ በቆሎ እንግጣለን። የኔ ፒካፕ ከሌላንድ መኪና ጎን ነበር የቆመው።

“ደልበርት፣ ይህን ፒካፕ ያቆመው ዝገቱ ነው። ብትፍቀው ይፈርስብሃል” አለኝ።

“የኔ ላይ እንኳ ሰው ይቀመጥበታል። አንተ ዝንብ ባረፈባት ቁጥር ጨርቅ ይዘህ ትሮጣለህ።”

“ዝንቡ እግሩን ታጥቦ ይምጣ!”

እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። አዲስ ሸሚዝ ገዝቶ ለብሷል። ዳኞቹ ሁለት ጊዜ ተመልሰው ሲያዩለት ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ከቀትር በፊት አንዲት ሴት መጡ። ወደ ስድሳ የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ጥቁር የእጅ ቦርሳ በሁለት እጃቸው የያዙ። እንደ ሌላው ሰው ሞተሩን አላዩም። በቀጥታ ወደ ቀኙ የፊት መብራት ሄደው ጎንበስ አሉ።

“ይህ ፓራፋንጎ ተጠግኗል?” አሉ፣ ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ እያመለከቱ።

ሌላንድን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ማለት አባትን ስለ በኩር ልጁ መጠየቅ ነው። ከወንበሩ ብድግ አለ።

“አወቁብኝ! እንዴት አወቁ? ሰው እንዳያውቅ ነበር የደከምኩት። ሸራውን ስገልጠው እስከዚህ ድረስ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። አባቴ በትራክተር ገጭቷት ይሆናል ብዬ ቀጥቅጬ አወጣሁት፣ ጎድጓዳ መሙያው ስቱኮ የተቀባው እዚች ጋ ብቻ ነው። መብራቱ ተሰብሮ፣ የዙሪያው የኒኬል ቀለበት የለም። እሷን ቀለበት ሁለት ዓመት ፈለግኋት፤ በመጨረሻ ኦሃዮ አንድ ሰው ጋ አገኘሁ።”

“ሞተሩስ?”

“እሱ ነው የሚያስቀው! አባቴ ነክሷል ያለው ሞተር ምንም አልሆነም ነበር። ዘይት ቀየርኩ፣ ባትሪ አሰርኩ፣ በሦስተኛው ተነሣ። ነፍሱን ይማረውና እጁ የገበሬ እንጂ የመካኒክ አልነበረም።”

ሴትዮዋ አልሳቁም። “መቼ ነው የቆመችው?” አሉ።

“አርባ ሁለት ዓመት ሆናት። የቼሪ ፍሬ በሚለቀምበት ሰሞን፣ በሐምሌ። የእህቴ ልደት ሳምንት ስለነበረ አልረሳውም፤ ሽርሽር ልንሄድባት ነበር፣ ቀረን።”

በዚህ ጊዜ ወንበሬን ሳይጠይቁኝ ስበው ተቀመጡበት። ቦርሳቸውን ከፍተው መሐረብ አወጡ፣ መሐረቡን ፈቱት። ውስጡ የመኪና መብራት ቀለበት ነበር፤ ኒኬሉ የደበዘዘ፣ በአንድ በኩል የተጣመመ።

ስማቸው አርዲስ ፕሩት ይባላል። የሚኖሩት ከእኛ ወደ ሰሜን አርባ ማይል ርቀት ላይ ነው። ታላቅ እህታቸው ኔዲን በዚያው ሐምሌ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከምትሠራበት የቼሪ ማሸጊያ ወጥታ በመንገድ ዳር ወደ ቤቷ ስትሄድ መኪና ገጭቷት ጥሏት ሄደ። ሞታ ያገኛት በማግስቱ ጠዋት ወተት የሚያመላልስ ሰው ነው። ከአጠገቧ የተገኘው ይህ ቀለበት ብቻ ነበር፤ የሜርኩሪ መሆኑና ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ቀለም መኖሩ ያኔ ታውቋል። ፖሊሶቹ ዓመታት ካለፉ በኋላ ለቤተሰቡ መለሱት። አርዲስም ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ከአንዱ ትርዒት ወደ ሌላው እየዞሩ አረንጓዴ ሜርኩሪ ባዩ ቁጥር ጎንበስ ይላሉ።

“ብዙ ሰው አስቀይሜአለሁ” አሉ። “አንዱ ውሻ ለቆብኛል። እንዲህ ዓይነት ቀለበት በሺህ የሚቆጠር ነው፣ አውቃለሁ። የዚህኛው ግን አንድ ጆሮው ተገንጥሏል። እዩት።”

ሌላንድ ተቀብሎ አየው። ብሎኑ የሚገባበት ጆሮ ከሥሩ ተቆርጧል። ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁ፤ ምን እንደታወሰውም ወዲያው ገባኝ፣ ምክንያቱም መኪናዋን ሲሠራ ጋራዡ ውስጥ ነበርኩ። የተሰበረውን መብራት ሲፈታ አንድ የዛገ ብሎን እምቢ ብሎት በጉጠት ነቅሎታል፤ ጫፉ ላይ የጥፍር ያህል የኒኬል ቁራጭ ተጣብቆ ነበር። ሌላንድ ደግሞ ምንም ነገር አይጥልም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ እውነቱን ልናገር። እግሩን ረገጥኩት። ጌሪት ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፣ ማንን ይከሱታል? እናቱ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። “አላውቅም እመቤቴ” ቢል ሴትዮዋ እንደ ወትሮው ወደሚቀጥለው መኪና ያልፉ ነበር። ዝም በል ማለቴ ነበር።

እግሩን ከእግሬ ሥር አወጣው።

“ቁራጩ እኔ ጋ ነው” አላቸው። “ቤት፣ በጣሳ ውስጥ አለ። እኔ ነኝ የነቀልኩት።”

አርዲስ ቀለበቱን ከእጁ ተቀበሉ። በመሐረቡ መልሰው ጠቀለሉት። በዚያው ቅጽበት ድምፅ ማጉያው “ሁለተኛ ሽልማት፣ ሌላንድ ሁክስትራ!” ብሎ ተጣራ። ሰው አጨበጨበ። ደግሞ ተጣራ። አንድ ወጠምሻ ከወዲያ “ሌላንድ፣ ተነሣ እንጂ፣ ሞተርህ ነከሰ እንዴ?” ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ሳቀ።

ፖሊስ የጠራው ራሱ ሌላንድ ነው። ከሰዓት በኋላ ፖሊሶቹ መኪናዋን በጭነት መኪና ጫኗት፤ ቁራጩና ቀለበቱ ገጠሙ።

በማግስቱ እሑድ እናቱ ዊልማ ወዳለችበት የአረጋውያን ቤት እኔ ነድቼ ወሰድኩት። ዊልማ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ጆሮዋ ይከብዳል እንጂ አእምሮዋ ደህና ነው።

“እማዬ፣ አባዬ በመኪናዋ ሰው ገጭቶ ነበር?”

ጉልበቷ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ ሳበች። ከዚያ፣ “ማን ነገረህ?” አለች።

“ታውቂ ነበር?”

“መኪናዋን ያጠብኳት እኔ ነኝ” አለች። “እናንተ ሳትነሡ። አባትህ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ነበር፣ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ከከብት ገበያው ሲመለስ ጠጥቶ ነበር።”

“ልጅቷ ወዲያው ነው የሞተችው?”

“ወርዶ አይቷታል። ትተነፍስ ነበር አለኝ።” ከዚያ ልጇን ቀና ብላ አየችው። “አራት ልጅ ነበረን፣ ሌላንድ። ማን ያበላችሁ ነበር? ከዚያ ወዲያ ጠብታ አልቀመሰም፤ ያንን ለምን አትቆጥርለትም?”

ሌላንድ ተነሣ። ብርድ ልብሷን ጉልበቷ ላይ አስተካክሎላት ወጣ።

ፖሊሶቹ መዝገቡን ዘጉ፤ የሚከሰስ ሰው የለም። ጋዜጣው ጻፈው። የሌላንድ እህት “የሞተ አባትህን ለባዕድ ሸጥከው” ብላ ስልኩን ዘጋችበት፤ እስከ ዛሬ ሲደውል አታነሣለትም። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጌሪትን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሌላንድ ከተቀመጠበት ረድፍ ራቅ ብለው መቀመጥ ጀመሩ። ጌሪት እኮ ጎረቤት ሲታመም እህሉን የሚያጭድለት ሰው ነበር። የእኔንም በገመድ የታነቀች ላም አድኖልኛል። መኪናዋ ስትመለስ ሌላንድ አልተቀበላትም፤ የት እንደደረሰች አልጠየቀም፣ እኔም አልነገርኩት።

አርዲስ አንድ ጊዜ ቤቱ መጡ፤ የኔዲንን ፎቶ ሊያሳዩት። ሻይ አፈላላቸው። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው፣ “አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናትህ የምታውቀው ካለ... ተሠቃይታለች?” አሉት።

“የለም” አላቸው። “ወዲያው ነው። አባቴ ወርዶ አይቷል፣ ሕይወቷ አልፎ ነበር።”

ሌላንድ ይህን የነገረኝ እናቱን ከቀበርን በኋላ ባለው ክረምት፣ የቤቴን በረንዳ አብረን ስንጠግን ነው። ከኪሱ አንድ ደብዳቤ አውጥቶ ሰጠኝ። ከአርዲስ ነው፤ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ። ኔዲን ሌሊቱን ሙሉ መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ሆና ሰው ስትጣራ በሕልማቸው ይታያቸው እንደነበር፣ አሁን ግን እሱ ከነገራቸው ወዲህ ሕልሙ እንደተዋቸው፣ እግዚአብሔር እንዲባርከው ጽፈዋል።

አንብቤ ስጨርስ መዶሻውን እንደያዘ ያየኝ ነበር።

“ምን ትላለህ?” አለኝ።

 ደብዳቤውን አጥፌ መለስኩለት። እሱም ኪሱ ከተተውና ወደ ሳንቃው ጎንበስ አለ።