አውድማ ላይ ያበረርኋት አውሮፕላን

ትናንት ወደ ማምሻው አንድ ጢንዚዛ በመስኮቴ ገብቶ መስታወቱን እየመታ ሲጮህ፣ የሻይ ብርጭቆዬን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ምን ልበላችሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጢንዚዛ አልፈራም። ያ ድምፅ ግን ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ወዳለው አውድማ ይዞኝ ሄደ።

አሥረኛ ክፍል ነበርሁ። ታላቅ እህቴ ከዐረብ አገር ለእረፍት መጥታ፣ በማግስቱ ልትመለስ ሻንጣዋ በር ሥር ቆሟል። ካመጣችው ሁሉ የእኔ ድርሻ በሪሞት የምትበር ሚጢጢ አውሮፕላን ነበረች። ተቀጥራ የምትሠራላት የማዳሟ ልጅ ሰልችቶት የጣላት ናት፤ ከእንቁላል አትከብድም። እህቴ "ከመሄዴ በፊት ስታበርሪያት ልይ" ብላ ይዛኝ ወጣች።

አውድማውን የመረጥነው ድንጋይ ስለሌለው ነው። በእበት የተለቀለቀ፣ ልሙጥ መሬት፤ ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፣ የቀረው ርጋፊ ገለባና ሽታው ነው። ሁለታችንም ከተማ ያደግን ጅሎች፣ ገበሬ አውድማውን ለምን እዚያ እንደሚሠራ ለአፍታ እንኳ አላሰብንም። ለነፋሱ እኮ ነው፤ ገለባውን ከፍሬው እንዲለይለት።

ከመነሳቷ በፊት በልቤ ገድ አየሁ። አውሮፕላኗ ከተመለሰች እህቴም ትመለሳለች። ካልተመለሰች ግን... አልጨረስሁትም። ምን አሳሰበኝ ብዬ ራሴን ረገምሁ፤ ግን አንዴ ታስቧል። እናታችን "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ስትል ነው ያደግሁት።

"በይ፣ ቢስሚላህ ብለሽ ጀምሪ" አለች እህቴ።

እሷ አውሮፕላኗን ወደ ላይ ወረወረቻት፣ እኔ የሪሞቱን ዘንግ ገፋሁ። ዝዝዝ ብላ ተነሳች። የከሰዓት ፀሐይ ክንፏ ላይ ብልጭ አለች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ወዲያው ነፋሱ ከጀርባችን መጣና ገለባውን ከእግራችን ሥር አንስቶ፣ አውሮፕላኗንም አብሮ ወደ ገደሉ ነዳት። ወደ እኛ ላዞራት ብል እምቢ አለች። ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። "ያረቢ፣ ያረቢ" እያልሁ ዘንጉን ደጋግሜ ሳብሁት።

እህቴ ሪሞቱን ከእጄ ነጥቃ ሞተሩን አጠፋችው። ጭው ያለ ዝምታ ሆነ። አውሮፕላኗ ተገለባብጣ ገደሉ ጫፍ ላይ፣ ሣሩ ውስጥ ወደቀች። እህቴ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወደዚያ መራመድ ጀመረች። ከዚያ ወዲያ መሬት የለም። አሞራዎቹ እንኳ የሚዞሩት ከእኛ በታች ነበር።

"አትሂጂ!" ብዬ ጮህሁ። "እታለም፣ አትሂጂ! ነገም አትሂጂ!"

ዞር አላለችም። በደረቷ ተኝታ፣ እጇን ዘርግታ አነሳቻት። መጥታ ክንፏ የተሰበረውን አውሮፕላን መዳፌ ላይ ስታስቀምጥ፣ እጇ ከእኔ እጅ ብሶ ይንቀጠቀጥ ነበር። እህቴ ፈሪ መሆኗን ያን ቀን አወቅሁ። ብቻዋን ባሕር ተሻግራ የምትኖር ሰው የማትፈራ ይመስለኝ ነበር።

"አብሽሪ" አለችኝ ግንባሬን ስማ። "ያው፣ ተመለሰች አይደል?"

ገድ ማየቴን በምን እንዳወቀች እንጃ። "መች ተመለሰች፣ አንቺ ሄደሽ አመጣሻት እንጂ፤ አንቺንስ ማን ሄዶ ያመጣሻል?" ልላት ፈልጌ፣ የተሰበረውን ክንፍ ማገጣጠም ያዝሁ።

በማግስቱ ሄደች፤ እንደ ሄደች ናት። የአውሮፕላኗን ክንፍ በፕላስተር ለጥፌ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጫታለሁ። ከዚያ ወዲህ አብርሬያት አላውቅም።

ባለፈው ዓርብ እህቴ ደውላ ነበር። "አውሮፕላንሽስ?" አለችኝ፤ ይህን ሳትጠይቅ ስልኩን ዘግታ አታውቅም።

"አንቺ ስትመጪ እናበርራታለን" አልኋት።

ከኋላዋ አንድ ሕፃን ይጣራል። እህቴ በዐረብኛ "መጣሁ፣ መጣሁ" አለች። ይህችን ለመረዳት የሚሆን ዐረብኛ አላጣም። የመለሰችው ለሕፃኑ ነበር፣ ለእኔ አይደለም።