በየማታው አንዲት ፍሬ ኪኒን

የተመደብኩበት ጤና ጣቢያ ከገለምሶ ከተማ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ ነርስ ነኝ። ስመጣ ሁለት ዓመት ሠርቼ ዝውውር ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ አፋን ኦሮሞ አንድ ቃል አላውቅም ነበር፣ ሙቀቱም አልተስማማኝም። ይኸው ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ለምን እንደቆየሁ ሰው ሲጠይቀኝ ስለ አንዲት ጫት ሻጭ አወራለሁ።

መጀመሪያ ያየኋት በገበያ ቀን ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ቀኝ እጇ ከጣቶቿ እስከ ክርኗ ተቃጥሎ፣ ቁስሉ ላይ የተወቀጠ ቅጠል ተደርጎበት፣ ከታላቅ ወንድሟ ጋር መጣች። ወንድሟ ጫት ወደ ዞናችን ዋና ከተማ ወደ ጭሮ እያመላለሰ ስለሚነግድ አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል። እሷ አንገቷን ደፍታ ቀና ሳትል ተቀመጠች።

«ምን አቃጠላት?» አልኩት።

«ምድጃ ላይ ወድቃ ነው፣ ሲስተር።»

«አደናቅፏት?»

በሩ በኩል ውጭ ወዳለው ሰው ተመለከተ። ቁስሉን እያጠብኩ በሌላኛው ክንዷ ላይ የቆየ ጠባሳ አየሁ፤ አገጯ ሥርም ሌላ አለ። ደጋግሞ ምድጃ ላይ የሚወድቅ ሰው አደናቅፎት ብቻ አይሆንም። በሩን ዘጋሁና ወንድሟን «ስትወድቅ ይታወቃታል ወይስ የምታውቀው ስትነቃ ነው? ጠይቅልኝ» አልኩት።

ሲጠይቃት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ብዙ ነገር ነገረችው።

«ሰዎች ከብበው ሲያዩኝ ነው የማውቀው ትላለች» አለኝ። «ከልጅነቷ ጀምሮ ነው፣ ሲስተር። ባሏም የፈታት በዚሁ ነው። ያልወሰድናት ቦታ የለም። መድኃኒት አለው ብሎ የነገረን ግን የለም።»

የሚጥል በሽታ ነበር። ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የምንልከው ጭሮ ሆስፒታል ነበር፤ መንገዱንና የመኪናውን ወጪ ሲያስበው ብዙው ሰው ይተወዋል። ከጥቂት ወራት በፊት ግን ለዚሁ ጭሮ ሄደን ሠልጥነን፣ መድኃኒቱም ጤና ጣቢያችን ድረስ መምጣት ጀምሮ ነበር። ከጤና መኮንናችን ጋር ተመካክረን ፌኖባርቢታል የሚባለውን ኪኒን አስጀመርናት። በየማታው አንዲት ፍሬ፤ በወር አንድ ጊዜ፣ በገበያ ቀን፣ መጥታ የሚቀጥለውን ትወስዳለች። ወንድሟ ሲተረጉምላት ጣቷን እያጠፈች ሰማችው።

አምስት ወር ሙሉ አንድም ቀን አላቋረጠችም፣ አንድም ጊዜ አልወደቀችም። እጇ ሲሽር ገበያ ወጥታ ጫት መሸጥ ጀመረች። በስድስተኛው ወር ቀረች። በሰባተኛውም አልመጣችም። በእረፍት ቀኔ ቤቷን ጠይቄ ሄድኩ። ዳገቱን ስወጣ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ግንባሯ አብጧል። በዚያን ጊዜ እሷ ከገበያ የለቀመችው አማርኛ፣ እኔ ከሕመምተኞቼ የተማርኩት አፋን ኦሮሞ ነበረን፤ ሁለቱን እየቀላቀልን እንግባባለን። አንቱታ ስለማታውቅ አንቺ ትለኛለች፤ እኔም ደስ ይለኛል።

«ድኛለሁ ብዬ ተውኩት» አለች። «ወንዝ ልብስ ሳጥብ ወደቅሁ። ጎረቤት ባታወጣኝ ውኃ ይወስደኝ ነበር።»

«መድኃኒቱ ነው እንዳትወድቂ ያደረገሽ። ስትተዪው ይመለሳል።»

«እስከ መቼ ነው የምውጠው?»

ልዋሻት አልፈለግሁም። «ለብዙ ዓመት። ምናልባት ዕድሜ ልክሽን።»

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያመልጠን። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ሲሆን መድኃኒቱ ያልቃል፣ በሽታውም ያልቃል፤ የማያልቅ መድኃኒት ግን ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል። ተነሥታ ትገባለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን፣ «ሶላትም በየቀኑ ነው» አለች። «የማታውን ሶላት፣ ኢሻን፣ ሰግጄ እውጠዋለሁ። ይሄን እችላለሁ።»

ቻለችው። አንድ ክረምት መድኃኒቱ ጤና ጣቢያችን ውስጥ እየተመናመነ ሄደ። ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀር ጭሮ ወርጄ፣ ከመድኃኒት መጋዘን ሠራተኞች ጋር ግማሽ ቀን ተከራክሬ ለሁሉም ሕመምተኞቻችን የሚሆን ይዤ ተመለስኩ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ሚኒባሱን ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ስደርስ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። አንድም ማታ ሳይጎድልባት አለፈ።

መድኃኒቱን በጀመረች በሦስተኛው ዓመት ላይ ነው የምኮራበት ነገር የሆነው። ገበያ ነበር። ቁስል እያሸግኩ ሳለ አንዲት ሴት ሮጣ ገብታ፣ «ሰው ወድቋል፣ ጫት ተራ ነው» አለችኝ። ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ ሮጥኩ።

በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ሰው ሲወድቅ ሕዝቡ ይሸሻል። አረፋው የነካው ሰው በሽታው ይይዘዋል ይባላል። አንዱ ክብሪት ጭሮ ያስሸትተዋል፣ ሌላው ጥርሱን በማንኪያ ሊያስከፍት ይታገላል። እኔም ይህንኑ እያሰብኩ ሰዉን ገፍቼ ገባሁ።

መሬት ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው ወድቋል። አጠገቡ እሷ ተንበርክካለች። በጎኑ አስተኝታው፣ ሻሿን አጣጥፋ ራሱ ሥር አድርጋለት፣ በአንድ እጇ ትከሻውን ይዛ፣ በሌላኛው ክብሪት የያዘውን ሰው ትከለክላለች። ጫቷ አፈር ላይ ተበትኗል። ጮክ ብላ ለሕዝቡ ትናገራለች፤ አፋን ኦሮሞዋን ያን ጊዜ በደንብ እሰማው ነበር።

«አትሽሹ። ጂኒ አይደለም፣ በሽታ ነው። አይተላለፍም። እኔም አለብኝ።»

ደንበኞቿ ሁሉ እዚያ ነበሩ። ከዚያ ቀን በፊት ገበያ ውስጥ ሕመሟን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። የተቃጠለ እጇን ወደ ላይ አነሣችና፣ «ይሄ ሳልታከም ነው» አለች። «መድኃኒቱን እየዋጥኩ ስወድቅ ያየኝ ሰው ካለ ይናገር።»

የተናገረ የለም። ሰውየው መንቀጥቀጡ ቆሞ ዓይኑን ገለጠ። እሷም ዝቅ ብላ፣ «አይዞህ፣ አልፏል» አለችው። ለእኔ የቀረ ሥራ አልነበረም። ጓንት አጥልቄ ቆሜ አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም።

ያን ቀን አንዳንድ ሰው ከእሷ ጫት ሳይገዛ አለፈ። አንዲት የጠና ሴትዮ ግን አፈር የነካውን የጫት ዙርባ አንሥታ አራግፋ ገዛች። በሚቀጥለው ገበያ ያ የወደቀው ሰው ከአባቱ ጋር ጤና ጣቢያ መጣ። ሽማግሌው «ሕመሙን ደብቀን ነበር የኖርነው» አሉኝ። «ያቺ ልጅ ቤታችን ድረስ መጥታ ነው ያመጣችን።» እኔ ሳላውቅ ሳምንቱን ሙሉ ጠባሳዋን እያሳየች የተደበቁ ሕመምተኞች ያሉባቸውን ቤቶች ስታንኳኳ ነበር የሰነበተችው። እኛ በነጭ ጋውን ሄደን ያልተከፈተልን በር ለእሷ ተከፈተ። ዛሬ በገበያ ቀን የክትትል ሕመምተኞች የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላል፤ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞችም እዚያው አብረው ይጠብቃሉ።

ባለፈው ዓመት ጭሮ ላይ በተደረገ የጤና ባለሙያዎች ስብሰባ ስለ ሥራችን እንድናገር ተጠራሁ። እሷን ይዣት ሄድኩ። ከሁላችን ፊት ቆማ፣ ያለ ወረቀት፣ በራሷ ቋንቋ ተናገረች፤ ከሌላ ክልል ለተመደቡት ባለሙያዎች ደግሞ እኔ አጠገቧ ቆሜ ወደ አማርኛ ተረጎምኩላት። አንድ ሐኪም፣ «መድኃኒት የሚያቋርጡብንን ምን እናድርጋቸው?» ብለው ጠየቋት።

«አትቆጧቸው» አለች። «ቤታቸው ሂዱ።»

እንዳለችው ተረጎምኩት። ሐኪሙ ጎንበስ ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።