የቀዝቃዛው ጦርነት ጥፋተኛና የሱሉልታ መንገዴ

ሰበታ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል

ከሰበታ የተነሣሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነው። የታሪክ መምህር ከሆንኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ሐሙስ ዕለት ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ሳስተምር፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት እርስ በርስ በመፈራራት ወደ ፍጥጫው እንደገቡ ተናገርኩ። ሐዊ የምትባል ተማሪዬ እጇን አወጣች። እናቷንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«ቲቸር፣ የእማዬ ደብተር ላይ ጥፋቱ የሶቪየት ብቻ ነው ይላል። ያኔ ዋሽተዋት ነበር?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አስተማሪዬ ኦቦ ቶሎሳ ትዝ አሉኝ። በደርግ ጊዜ ጥፋተኛዋ አሜሪካ ናት ብለው አስተምረውኛል። መንግሥት ሲለወጥ፣ እኔም አብሬያቸው መምህር ሆኜ ሳለ፣ በስብሰባ መሀል ተነሥቼ «ውሸት ሲያስተምሩን ኖሩ» አልኩ። በዚያው ዓመት ማስተማር ተዉ።

ቡራዩ፣ አራት ሰዓት ገደማ

አየር ጤና ወርጄ በአስኮ በኩል ቡራዩ ገባሁ። ኦቦ ቶሎሳ ድሮ በሚኖሩበት ሰፈር ሱቅ ያላቸውን አዛውንት ሐጂ ከማልን ጠየቅሁ።

«ሱሉልታ ልጃቸው ጋ ከገቡ ቆዩ» አሉኝ። «ዓይናቸው ደክሟል። ባትዘገይ ጥሩ ነው።» የልጃቸውንም ስልክ ሰጡኝ።

ሱሉልታ፣ ሰባት ሰዓት

ከአዲሱ ገበያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ በባሕር ዛፉ መሀል እያቃሰተ ዳገቱን ወጣ። ወዲያ ማዶ ሜዳው ተዘረጋ፤ የድርቆሽ ክምርና የታሰሩ ላሞች ታዩ። ብርዱ በመስኮቱ ገባ።

ኦቦ ቶሎሳ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

«ነጋ» ብለው ሰላምታዬን መለሱና ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «ግርማ ነህ። ድምፅህን አልረሳሁም።»

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ልጃቸው ትኩስ ወተት አምጥታ ሄደች።

«እኔ በንጉሡ ዘመን ተማሪ ሳለሁ ጥፋቱ የሩሲያ ነበር» አሉ። «ኋላ ደግሞ የአሜሪካ ሆነ። የሁለቱም አገር ምስጢር ያለበት መዝገብ ሲከፈት፣ ሁለቱም ይፈሩ እንደነበር ታየ። አዲስ ወረቀት ሲገኝ ታሪክ ጸሐፊም ሐሳቡን ይለውጣል። ያ ውሸት አይደለም።»

«በስብሰባው ላይ የተናገርኩት...»

«በሰው ፊት አዋረድከኝ። እሱ አሞኛል።» ብርጭቆውን በእጃቸው ዳብሰው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «እኔም ግን ጥፋት አለብኝ። ሌላ የሚሉ ምሁራን እንዳሉ አንብቤ ነበር። ለእናንተ አልነገርኳችሁም። ያኔ መናገር ያሳስር ነበርና ፈራሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ሳይቀዘቅዝ ጠጣ። ስትመጣ ደግሞ ጋዜጣ ያዝልኝ፤ ታነብልኛለህ።»

ሰበታ፣ ምሽት

ባለቤቴ በር ከፍታ «እንዴት ሆነ?» አለችኝ። «ሌላ ጊዜም ና ብለውኛል» አልኳት።

እራት ቀርቦ ሰኞ ለሐዊ የምመልስላትን አሰብኩ። እናቷን አልዋሸኋትም፤ ያኔ የማምነውን ነው ያስተማርኳት። ነገር ግን ሌላ ማብራሪያ እንዳለ እኔም አውቅ ነበር። ማንም አላስፈራራኝም። ዝም ያልኩት ለፈተና አንድ መልስ ስለሚቀለኝ ብቻ ነው። ይህንንም እነግራታለሁ።