የሙሳ መልስ

ባለፈው ወር አሶሳ ላይ ለተዘጋጀ የወጣት መምህራን ስልጠና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። በጤና ምክንያት ቀድሜ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ ሸሚዜን አስተኩሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ነው የምገኘው። ሥራው ለአንደኛ ክፍል ልጆች የሳይንስ ቃላት መማሪያ ማዘጋጀት ነው፤ በአንድ በኩል በርታኛው፣ በሌላ በኩል አማርኛው፣ መካከሉ ላይ ሥዕል። አንዲት ወጣት መምህርት ብድግ አለችና ሰሌዳው ላይ የውሃ ጠብታ ሣለች። «ልጁ ‹ፈሳሽ› የሚለውን ከመስማቱ በፊት ‹ፊሪ› ብሎ ይጀምር» አለች። ፊሪ በበርታኛ ውሃ ማለት ነው። ሌሎቹ ተስማምተው ወደሚቀጥለው ቃል አለፉ። እኔ ግን አየር ልውሰድ ብዬ ወጣሁና ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ቆምሁ። ያቺ ቃል ከሠላሳ ዓመት በፊት ከአንድ ልጅ አፍ ስትወጣ ምን እንዳደረግሁ ከእኔ በቀር እዚያ የሚያውቅ አልነበረም።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ያደግሁት ፓዌ ነው፤ ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው ከሰፈሩት ገበሬዎች መካከል ናቸው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደ ወጣሁ ከአሶሳ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ አንዲት የበርታ መንደር ተመደብሁ። ትምህርት ቤቱ ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ሁለት ክፍል ነበር። ዝናብ ሲወርድበት የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማም። ባልደረባዬ ወባ ጥሎት አሶሳ ስለ ቀረ ሁለቱንም ክፍል አንድ ላይ አድርጌ የማስተምረው ብቻዬን ነው። ሰው የምለው ከሊፋን ነበር። ከሊፋ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው፤ በወጣትነቱ ለጥጥ ለቀማ ሱዳን ሲመላለስ የኖረ፣ በርታኛም ዐረብኛም አማርኛም የሚናገር ጎልማሳ። ምሳ ሰዓት ላይ ሚስቱ የሠራችውን የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ይዞልኝ ይመጣል። ባሚያው ይዝለገለጋል፤ መጀመሪያ መጀመሪያ ያቅለሸልሸኝ ነበር፤ በኋላ ግን እሱ ከሌለ ምሳ የበላሁ አይመስለኝም።

ልጆቹ አማርኛ የሚሰሙት ገበያ ሲውሉና ከእኔ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከመጽሐፉ ውልፍት አልልም። «ቁስ አካል ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ተብሎ ይከፈላል!» እያልሁ እጮሃለሁ፤ ስድሳ ልጅ ተከትሎኝ ይጮሃል። ከውጭ ለሚሰማው ዜማው ያምር ነበር። ከሊፋ በመስኮት ሆኖ ሲያዳምጥ ይቆይና አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦

«ኡስታዝ፣ ልጆቹ ድምፅህን ነው የያዙት፣ ነገሩን አልያዙም። ፍቀድልኝና በእኛ ቋንቋ እኔ ልንገራቸው።»

«እንዲያ ካደረግን አማርኛውን መቼ ይለምዱታል?» አልሁት።

ትከሻውን ነቀነቀና ወደ በሩ ተመለሰ።

እጄ ላይ ሁልጊዜ የአውራ ጣት ውፍረት ያላት የቀርከሃ ዱላ አትጠፋም ነበር። እኔም የተማርሁት በዱላ ነው። ፓዌ ሳለሁ ጣቶቼን አስገጥሞ ጫፋቸውን በማስመሪያ የሚመታ መምህር ነበረኝ፤ ሰው የሆንሁት በእሱ ነው ብዬ አመሰግነው ነበር። ስለዚህ ክፍል ውስጥ በርታኛ የተናገረ ልጅ በየቃሉ አንድ አንድ ይቀምሳል። ሕጉን ያወጣ ሌላ አካል የለም፤ እኔው ነኝ።

ሙሳ ከኋላ የሚቀመጥ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ገና ብቅ ብቅ እያሉ ነው። ወራት ሙሉ አንድ ቃል ሲናገር አልሰማሁትም። በግንቦት መጀመሪያ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው በዋለ አንድ ቀን፣ «የፈሳሽ ምሳሌ የሚሰጠኝ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ጠርሙስ አንሥቼ ዘቀዘቅሁት፣ በእጄ የሚወርድ ነገር አሳየሁ። ድንገት የሙሳ ፊት ፍክት አለ። ሳይፈቀድለት ዘሎ ተነሣና፣

«ፊሪ!» አለ።

መልሱ ትክክል ነበር። ሠላሳ ዓመት የማመነዥገው ይህንኑ ነው። ከስድሳ ልጅ መካከል ነገሩ የገባው እሱ ብቻ ነበር፤ ሲገባው ያለችውን አንድ ቃል አወጣ። እኔ የሰማሁት ግን በርታኛነቷን ብቻ ነው።

«እጅህን!» አልሁት። ዘረጋልኝ። አንዱን አሳረፍሁበት። ሁለተኛውን ስሰነዝር እጁን ሳበውና ዱላዬ ጠረጴዛውን መታች። ልጆቹ ሳቁ። በእኔ የሳቁ መሰለኝ። አንገቱን ጨምድጄ ወደ ፊት ጎተትሁትና ጀርባውን፣ ባቱን፣ ሊከላከል ያነሣውን ክንዱን፣ ያገኘሁትን ሁሉ መታሁ። ቀርከሃዋ ለሁለት ተሰነጠቀች፤ አላቆምሁም። ስንጥሯ ባቱን ተለተለችውና ደሙ እስከ ተረከዙ ወረደ። ልጁ አላለቀሰም። ምን እንዳጠፋ ፊቴ ላይ እየፈለገ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር። ከሊፋ ሮጦ ገብቶ ክንዴን ያዘኝ።

«በቃ!» አለኝ። ኡስታዝ አላለኝም።

በማግስቱ ሙሳ አልመጣም። ከስሙ ትይዩ «ቀሪ» የሚለውን ምልክት አደረግሁ። በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን እንዲሁ አደረግሁ። የት ገባ ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

በዚያው ሰሞን ዝናቡ ጣለ። የዚያ አገር ዝናብ ሲጀምር አንዴ ነው የሚገለበጠው፤ በጋውን ሙሉ የተጠራቀመውን ቆሻሻ ጠራርጎ ወንዝ ይከተዋል። የወደቀው ማንጎ በየዛፉ ሥር ይበሰብሳል፣ ዝንቡ አያስቆምም። መንደሩ ውስጥ ተቅማጥና ትውከት ገባ። አንድ የጤና ባለሙያ በሞተር ብስክሌት ጭቃ ለጭቃ መጥቶ ለትምህርት ቤቱ በርሜል የሚሆን አንድ ጠርሙስ የውሃ መድኃኒት ሰጠኝ። ደስ አለኝ፤ ጥሩ የሳይንስ ትምህርት ይወጣዋል ብዬ። በክፍሉ ጥግ ያለው በርሜል ውስጥ የትንኝ እጮች ይርመሰመሱ ነበር። ልጆቹ እያዩ መድኃኒቱን ጨመርሁ። መጠኑን ሳላበዛው አልቀርም፤ ክፍሉ በረኪና በረኪና ሸተተ። በማግስቱ እጮቹ ሞተው ተንሳፍፈው ስናገኛቸው በኩባያ ቀድቼ እያዞርሁ ለሁሉም አሳየኋቸው።

«አያችሁ? መድኃኒቱ በውሃው ውስጥ ያለውን ጀርም ይገድላል!»

ስድሳው ልጅ ደጋግሞ ጮኸው፤ ወደየቤቱም ይዞት ሄደ። ከዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚያውቋቸው ቃላት መድኃኒት፣ ውሃና ይገድላል ብቻ ነበሩ። መንደሩ ውስጥ ደግሞ መድኃኒት ሲባል የሚታወቀው ማሽላ ላይ ለተባይ የሚረጨው ነው። ጀርም ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔ ክፍል ውስጥ ልጅ አይጠይቅም።

ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት ከመንደሩ ወዲያ ማዶ ዋይታ ተሰማ።

«ማን ሞተ?» አልሁት ከሊፋን።

«ሙሳ» አለኝ። «ሲያስመልሰው አድሮ።»

ልጆቹን አላሰናበትሁም፤ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠፍቶኝ ማስተማሬን ቀጠልሁ።

ከቀብር የተመለሱት ወንዶች ወደየቤታቸው አልሄዱም። ከፊት የሙሳ አጎት መጥረቢያ ይዞ፣ ከኋላው ሠላሳ የሚሆን ሰው፣ ዱላና ገጀራ ይዞ መጣ። ከሊፋ እጆቹን ዘርግቶ በሩ ላይ ቆመ። በቋንቋቸው ለመናቸው፣ ቀጥሎም ጮኸባቸው። ከመካከላቸው አንዱ ግንባሩን በዱላ አለው። ተንበረከከ፤ ሊነሣ ሲል ደገመው፤ ደፉ ላይ ተዘረረና ረግጠውት ገቡ። ልጆቹ እየጮኹ የቀርከሃውን ግድግዳ ሰብረው ወጡ። ሰዎቹ በርሜሉን በእግራቸው ገለበጡት። እኔን በሸሚዜ ኮሌታ ጎትተው ጭቃው ላይ ጣሉኝ።

«ውሃ ውስጥ ምን ጨመርክ?» አለኝ አጎትየው በአማርኛ።

«መድኃኒት ነው።»

«መድኃኒት ምን ይሠራል?»

«ጀርም… ጀርም ይገድላል።»

«ይገድላል!» ብሎ ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«ልጆቹን ጠይቁ!» ብዬ ጮኽሁ። «ሐዋን ጠይቋት! ያስተማርሁትን እሷ ትነግራችኋለች!» ሐዋ የክፍሉ አንደኛ ተማሪዬ ነበረች። ከዛፍ ሥር አመጧት። እኔ እንዳስለመድኋት እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ዓይኗን መሬት ተክላ ቀጥ ብላ ቆመች።

«መድኃኒት ውሃ ውስጥ አለ። ይገድላል» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ መልሳለች ወይስ ተሳስታለች፣ ማወቅ ፈልጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዱላው ከየት ከየት እንደሚወርድ አላየሁም። ራሴን ለመሸፈን ያነሣሁት ቀኝ ክንዴ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ግራ ጆሮዬን መቱኝና ጭው እንዳለ ቀረ። አፌ ውስጥ ጭቃና ደም ተቀላቀለ። የሆነ ሰው ጉልበቱን ደረቴ ላይ አሳርፎ ያዘኝ፤ አጎትየው ከላዬ ቆሟል። እዚያው ቆመው መከራከር ጀመሩ። አንዱ ወዲያ ይላል፣ ሌላው ወዲህ ይላል። የሚከራከሩት ስለ እኔ ነው፤ ልሙት ወይስ ልትረፍ እየተባለ ነው፤ እኔ ግን አንድ ቃል አይገባኝም። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት እያየሁ ትርጉሙን እፈልግ ነበር። ከፍርሃት ሁሉ የከፋው ያ ነው።

ሰዎቹ ድንገት መንገድ ከፈቱ። የሙሳ እናት ዘሃራ ናት። ራሷ ላይ አፈር ነስንሳለች፣ እግሯ ባዶ ነው። ከላዬ ቆመች። ጥቂት ነገር ተናገረች፤ አልጮኸችም። አጎትየው አንድ ነገር ጠየቃት። ያንኑ ደገመችለት። መጥረቢያው ቀስ እያለ ወደ መሬት ወረደ። ከሊፋ በደረቱ እየተሳበ መጥቶ አጠገቤ ወደቀ። ግማሽ ፊቱ በደም ተሸፍኗል።

«ምን አለች?» አልሁት።

«‹ልጄ ከዚህ በርሜል አልጠጣም› አለች። ‹ከተመታ ጀምሮ ትምህርት ቤት አልገባም። ዱላውን ፈርቶ ትምህርት ቤት ሄድኩ እያለኝ ወንዝ ዳር ነበር የሚውለው። ይህን ሲታመም ነገረኝ፤ የጠጣው የወንዙን ነው› አለች።»

ነፍሴን ያተረፈችው በዚህ ምስክርነት ነው። በዚያ ሳምንት መንደሩ ውስጥ የማይገድል ውሃ የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም ሙሳን በዱላ ካባረርሁበት ክፍል ጥግ።

እኔንና ከሊፋን በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ ካደረሱን ሰዎች አንዱ አጎትየው ነበር። ጭነቱ ማንጎ በሆነ አይሱዙ ላይ አስተኝተው ወደ አሶሳ ላኩን። የክንዴ አጥንት ተጣምሞ ገጠመ፤ ግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ አይሰማም። የከሊፋ አንድ ዓይን ጠፋ። ስለ ዓይኑ አንድ ቀን ወቅሶኝ አያውቅም፤ ስለ ሙሳ ግን አንዴ፣ «ነግሬህ ነበር» ብሎኛል።

ክንዴ በጄሶ እንደ ታሰረ ተመልሼ ለቅሶ ደረስሁ። ዘሃራ ምንጣፉ ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝ። አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ስላዳነችኝም አመሰገንሁ። በገበያ አማርኛዋ እንዲህ አለችኝ፦

«ኡስታዝ፣ እኔ አንተ ወድጄ አይደለም። እነሱ ያሉት ውሸት ነበረ። በውሸት ሰው ይሞታል፣ ሐራም ነው።»

ከዚያ በኋላ ወዲያው ሌላ ሰው ሆንሁ ብል ደስ ባለኝ። እርግጥ ነው፣ በቀጣዩ መስከረም ከሊፋን ክፍል አስገባሁት። አዲስ ቃል በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ልጆቹ በቋንቋቸው ይነግሩኛል፣ እሱ ያስረዳኛል፣ ከዚያ አማርኛውን እሰጣቸዋለሁ። ስሳሳት ይስቁብኛል። ሐዋ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልሳቀችም፤ ጥያቄ ስጠይቃት እጆቿን ወደ ኋላ ማጣመሯንም አልተወችም።

ያቺ ወጣት መምህርት ባለፈው ወር ከስልጠናው አዳራሽ ወጥታ ማንጎው ሥር አገኘችኝ። «ጋሼ፣ አሞዎት ነው?» አለችኝ። ይህን ሁሉ ነገርኋት። ቆማ ሰማችኝና፣ «ከዚያ በኋላ ዱላ ይዘው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሁለት ጊዜ» አልኋት። እውነቱ ይህ ነው። በሌላ ትምህርት ቤት፣ በሌላ ዓመት፣ በዚሁ በተጣመመ ክንዴ። ሁለቱንም ጊዜ መሐል ላይ አቆምሁ፤ ቢሆንም አንሥቼው ነበር።

መምህርቷ እዚያው ትታኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ አልተቀየምኋትም። ሰው ስለ ድሮ ጥፋቱ ሲያወራ መጨረሻ ላይ ራሱን ነጻ የሚያወጣባት ቀዳዳ አያጣም፤ ወጣት ነበርሁ፣ ዘመኑ እንዲያ ነበር፣ እኔም የተገረፍሁ ነኝ ይላል። ሁሉም እውነት ነው። ዘሃራ ዛሬ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላለችኝም። እኔም እንደ ተባልሁ አድርጌ ለማንም አውርቼ አላውቅም።